ዳምጤና ያልተገደለው አጋዘን

ያችን ተረት አንድ የትምህርት ቤት ሰው «የድሮ አርበኞች አባባል ናት» ብሎ ለልጆች ሲያስረዳ ሰማሁ። የኔ ናት ስለው ፈገግ አለና «እማማ፣ ተረት እኮ ባለቤት የለውም» አለኝ። ሌላው ባለቤት አይኑረው፤ ይቺ አላት። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ከአፌ የወጣውን አልረሳም። አንዴ እንኳ ቁጭ ብሎ «እንዴት ተባለች?» ያለኝ ሰው የለምና ሳልጠየቅ ልናገር።

የታናሽ እህቴ ባል ዳምጤ በሬ ሲጠምድ እንኳ የማይሳደብ ደግ ሰው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ያንገበግበው ነበር። በኛ አገር አውሬ ያልጣለ ወንድ በሰርግ መካከል ተነስቶ አይፎክርም፤ ቢፎክርም እልል የሚልለት የለም። ስለዚህ ሽለላው ሲጀመር ዳምጤ በቅሎ የሚያይ መስሎ ከዳሱ ሹልክ ይላል። ጎሽ የጣለው ወንድሜ ቢተው ደግሞ አፉን የሚያሳርፍ ሰው አይደለም። «አማቼን በቅሎዋ ጠራችው» ይላል፤ ዳሱ በሳቅ ይሞላል።

የልጁ ሰርግ ሲቃረብ ዳምጤ ቆረጠ። ያን ጊዜም ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነበርና አንድ ወንድ አጋዘን ለመግደል ፈቃድ አወጣ፤ ላንድሮቨር ከነሾፌሩ ተከራየ። ቢተው ጠመንጃውን ይዞ ሊያግዘው ተሳፈረ። እኔም ቆላ ያለውን ሰሊጤን ለማየት አብሬያቸው ወጣሁ።

«ዳምጤ፣» አለው ቢተው ገና ከመንደር ሳንወጣ፣ «ፈቃዱ ባንተ ስም ነው። ያባቶቻችንን ሕግ ግን ታውቃለህ፤ ቀድሞ ያደማ ባለግዳይ ነው። ከቀደምኩህ ቀንዱን እኔ እሰቅላለሁ፤ ወረቀቱን አንተ ትሰቅላለህ።»

እየቀለደ ነበር። ዳምጤ ግን አልሳቀም።

ኬላው ላይ የዱር አራዊት ጠባቂው ማንደፍሮ አስቆመን። ወረቀቱን አየ፤ ጠመንጃዎቹንም አየ። «ጥይት የጎረሰ መሣሪያ መኪና ላይ አይጫንም። ከመኪና ላይም አይተኮስም። አውሬ ካያችሁ ወርዳችሁ፣ ከመንገዱ ራቅ ብላችሁ ያን ጊዜ አጉርሱ» አለ።

«እስክናጎርስ አጋዘኑ ይጠብቀናል?» አለ ቢተው።

«እሱ ባይጠብቅህ ሚስትህ ትጠብቅሃለች።»

ሁለቱም ጥይታቸውን አወጡ። ኬላው ከኋላችን እንደተሰወረ ግን ዳምጤ ወደ መስኮቱ ዞሮ ጥይቱን ሲመልስ አየሁት። የቢተውን እጅ ያውቀዋል፤ ወርጄ እስካጎርስ ቀድሞኝ ያደማዋል ብሎ ሰግቷል።

«ጠባቂው ምን ነበር ያለህ?» አልኩት።

«እትዬ፣ የመሣሪያን ነገር ለወንዶቹ ይተዉልን።»

«ተውኩልህ። አፈሙዙን ግን ወዲያ አዙረው።»

«ቆልፌዋለሁ፤ አይስጉ።»

ደረቁን ወንዝ ስንሻገር አጋዘኑ ከፊታችን ብቅ አለ። እንዲህ ያለ ቀንድ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ቢተው ባዶ ጠመንጃውን እንዳንጠለጠለ በሩን ከፍቶ ዘለለ። ዳምጤ እንዳይቀደም የጠመንጃውን መቆለፊያ ከፍቶ ተከተለው፤ ማንገቻው ከበሩ እጀታ ጋር ተያዘበት። ሲጎትተው ጠመንጃው ጮኸ።

አጋዘኑ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ። ቢተው ጭኑን ይዞ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ደሙ በጣቶቹ መካከል ይወርዳል። መቀነቴን ፈትቼ አጥብቄ አሰርኩለት። ጥይቱ አጥንቱን ስቶት ነበር፤ ያን ሰዓት ግን ይሙት ይዳን ማን ያውቃል? ዳምጤ ፊቱ ዐመድ መስሎ ቆሟል።

«ቀደምከኝ፣» አለው ቢተው ጥርሱን ነክሶ። «ቀንድ ግን የለኝም። ምን ልትሰቅል ነው?»

ዳምጤ ተንበርክኮ አለቀሰ። አንጀቴን በላኝ፤ ቢሆንም የማባበያ ጊዜ አልነበረም።

«ቀድሞ ያደማ ባለግዳይ ነው አይደል ሕጋችሁ?» አልኩት። «በል፣ ግዳይህን ተሸከም።»

ተሸከመው። የዚያን ቀን ብቻም አይደለም፤ ወንድሜ ምርኩዙን እስኪጥል ድረስ መሬቱን ያረሰለትም፣ እህሉን ያስገባለትም ዳምጤ ነው። በልጁ ሰርግ ሽለላው ሲጀመር እንደ ልማዱ ሊወጣ ተነሳ። ቢተው ክንዱን ይዞ አጠገቡ አስቀመጠው፤ እሱም የዚያን ቀን ሳይፎክር ዋለ። ጎሽ ከጣለ ወዲህ እንዲያ ዝም ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ተረቷ የተባለችው ግን እዚያው ወንዙ ላይ ነው። ቢተውን የኋላ ወንበር ላይ አስተኛነው፤ ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ዳምጤም የወደቀውን ጠመንጃ አንስቶ ሊያስገባ መጣ፤ የቀሩት ጥይቶች ገና ጠመንጃው ሆድ ውስጥ ናቸው። በሩን ዘግቼ ቆምኩ።

«እትዬ፣ ይግቡ እንጂ፤ ሰውዬው ሊሞትብን ነው።»

«ለዚሁ ነው የቆምኩት» አልኩና መዳፌን ዘረጋሁለት። «ያን ጥይት አንድም ሳታስቀር እዚህ ላይ አድርግልኝ፤ ለጎረሰ ጠመንጃ ግዳዩ ጎረቤት ነው።»