ሦስተኛው ጉልቻ

ልጆች፣ ተረት ልጀምር ነው። «የላም በረት» አትበሉኝ፤ በዛሬው ተረት ላም የለችም። «የንብ ቀፎ» በሉ። አላችሁ? እንግዲያስ ስሙ። ቁጣ ያለበት ተረት ነው። እኔም ስነግራችሁ እቆጣለሁ፤ አትደንግጡ።

በድሮ ዘመን ውድነሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ከብት የላትም። መሬቷ ጠባብ ነው። ያላት አንድ ትልቅ ዋንዛ ነው። ዋንዛውን ባሏ በሠርጋቸው ሰሞን የተከለው ነው። ቅርንጫፎቹ ላይ ቀፎዎች ተሰቅለዋል። ማሩን ሸጣ ትኖራለች። ሰፈፉን ለቤተ ክርስቲያን ትሰጣለች፤ ቄሱ ጧፍ ያሠሩበታል። ጧፍ በበራ ቁጥር የአገሩ ሰው «የውድነሽ ንቦች» ይላል።

ከሸለቆው ማዶ ቢተው የሚባል ጎረቤት ነበራት። ቢተው በሬ የሚጥል ጉልበት አለው። ዓይኑ ግን አይጠግብም። የራሱ ማር ሳያልቅ የሰው ማር ያምረዋል። ደግሞም ሳል አለበት፤ ክረምት ከበጋ የማይለቀው ሳል። ሳሉ ከሩቅ ሲሰማ ሰው «ቢተው መጣ» ይላል።

አንድ እሑድ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ሲሄድ ቢተው ቀረ። ችቦ ለኩሶ ዋንዛው ላይ ወጣ። ንቦቹን በጭስ አባርሮ ማሩን ሊቆርጥ ነው። ጭሱ ጉሮሮውን ያዘው። ሳለ። አፉን በክንዱ አፈነ። ደግሞ ሳለ። በሦስተኛው ሳል ችቦው ከእጁ አመለጠና ደረቅ ቀፎ ላይ ወደቀ። ቀፎው ነደደ። ዋንዛው ነደደ። ቢተው ዘሎ ወረደና ሸሸ።

ውድነሽ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መጀመሪያ የሰማችው ሳሉን ነው። ቀጥሎ የሚያርር ማር ሸተታት። የሚያርር ማር አሽትታችሁ ታውቃላችሁ? ይጣፍጣል። ክፋቱ እሱ ነው።

ንቦቹ ግንዱ ሥር እንደ ጥቁር ገብስ ረግፈዋል። አላለቀሰችም። አንድ እፍኝ ዘግና አነሣችና «ቢተው» አለች።

በዚያ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ተበዳዩ ደጅ ይቆማል። ተበዳዩ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲለው ያወርደዋል። ካላለው ዕርቅ የለም። ለዕርቅ የወጣ ድንጋይም ዕርቅ ሳይወርድ ወደ ቤት አይመለስም።

ቢተው ሽማግሌዎች ጋብዞ፣ ጠላ አጠጥቶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ መጣ። ውድነሽ ቀርባ ድንጋዩን በአንድ እጇ ብድግ አደረገችው። ቀዳዳ ቀዳዳ የበዛበት፣ እንደ ደረቅ ቅል የቀለለ ድንጋይ ነው።

«የእኔ ንቦች ከዚህ ይከብዳሉ» አለችው።

«ተይ እንጂ ውድነሽ» አሉ ሽማግሌዎቹ። «ክርስቲያን አይደለሽም?»

«ክርስቲያንማ ነኝ። ክርስቲያን ሚዛን አያውቅም ያላችሁ ማን ነው?»

ቢተው አፍሮ ድንጋዩን መንገድ ላይ ጥሎ ተመለሰ።

ሁለተኛ መጣ። አሁን ድንጋዩ እውነተኛ ነው፤ አንገቱን ደም አስመስሎታል፤ ላቡ ይንጠባጠባል።

«ምናልባት በድዬሽ እንደሆነ ይቅር በዪኝ» አላት።

«ምናልባት?»

«እንግዲህ ያቃጠለው እሳቱ ነው፤ እኔማ…»

«እንዲያ ከሆነ እሳቱን ላከው። ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣ።»

ቢተው ተናዶ ይህንንም ድንጋይ ጥሎ ተመለሰ።

ሦስተኛ መጣ። ሽማግሌ የለም። የጋበዘውም ሰው የለም። ብቻውን ነው። የተሸከመው ድንጋይ ባንድ ጎኑ ጥላሸት የጠገበ ነው።

«ምንድን ነው እሱ?» አለችው።

«ከምድጃዬ የነቀልኩት ጉልቻ ነው፣ እትዬ ውድነሽ። ማርዎን ልሰርቅ ወጣሁ። ዋንዛዎን አቃጠልኩ። ንቦችዎን ፈጀሁ። እርስዎ ይቅር እስኪሉኝ ድረስ በዚህ ጉልቻ ቦታ ሌላ ድንጋይ አላስቀምጥም፤ በቤቴም እሳት አይነድም።»

ልጆች፣ በሁለት ጉልቻ ድስት አይቆምም። ይህን ታውቃላችሁ። ቢተው በዚያ ቀን እውነቱን ነበር።

ውድነሽ ግን «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብላ በሩን ዘጋችበት።

ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆመ። ጉልበቱ ሲከዳው ጉልቻውን ደጇ ላይ አስቀመጠና እየሳለ ሄደ።

በማግስቱ ውድነሽ ጉልቻውን ተሻግራ ስትወጣ አንገቷን ያዛት። በሳምንቱ አንገቷ ጎበጠ። በወሩ ዓይኗ ከእግሯ ጣቶች ሌላ የሚያየው ጠፋ። የንብ ሰው ቀና ማለት ካልቻለ ምን ዋጋ አለው? አደይ ሲፈነዳ መንጋ ንብ በላይዋ ሲያልፍ ድምፁን ትሰማለች፤ የት እንደሚያርፍ ግን አታይም። አዲስ ያሠራችው ቀፎ ባዶ ቀረ። በቤተ ክርስቲያኑም የእሷ ጧፍ ጠፋ።

ወጌሻ ዘንድ ሄደች። በቅቤ አሻት፤ አንገቷ አልተነሣም። ጠበል ሄደች። ጠበሉ ወረደባት፤ አንገቷ አልተነሣም። በመጨረሻ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወዳሉት አሮጊት መነኩሲት፣ ወደ እማሆይ ወለተ ሐና ሄደች።

«ጸሎት ታደርጊያለሽ?» አሏት።

«ጧትም ማታም።»

«እስቲ አባታችን ሆይን በዪልኝ።»

አለች። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» አለችና ወዲያው «ወደ ፈተናም አታግባን» አለች።

«መሀሉ ላይ ዘለልሽ» አሉ እማሆይ።

«አውቃለሁ። ‹እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል› ብል እዋሻለሁ። በእግዚአብሔር ፊት አልዋሽም።»

«ደግ አደረግሽ። እኔም ውሸት አልወድም። ይቅር በዪ አልልሽም።»

ውድነሽ ገረማት። ያ ዋንዛ ከተቃጠለ ወዲህ ይቅር በዪ ያላላት የመጀመሪያዋ ሰው እማሆይ ናቸው። ሽማግሌው ብሏታል፣ ወጌሻው ብሏታል፣ ውኃ ስትቀዳ ያገኘቻት ሁሉ ብላታለች። የተቃጠለውን ዋንዛ ሄዶ ያየ ግን አንድም የለም። በዚህ እኔም እቆጣለሁ።

«ጉልቻው የማን ነው?» አሉ እማሆይ።

«የቢተው ነዋ።»

«ታዲያ አንቺ ደጅ ምን ይሠራል? ካላስታረቀ የዕርቅ ድንጋይ አይባልም፤ የሰው ዕቃ ነው። ውሰጂና ፊቱ ላይ ጣዪለት።»

ይህ ምክር ውድነሽን ደስ አላት። እንዲያውም ቸኮለች። ጉልቻውን በእጇ ያዘች፤ ከበዳት። በጎኗ አቀፈች፤ አዳለጣት። በመጨረሻ የጎበጠው አንገቷ ላይ ጫነችው። ልክ ለእሱ የተሠራ ይመስል ገጥሞ ተቀመጠ። ነጠላዋን ተከናንባ ሸለቆውን ወረደች።

ውኃ የቀዳች ሴት አገኘቻት። ሴትዮዋ ከመንገድ ወጥታ ቆመችላት።

«እግዚአብሔር ይርዳሽ እህቴ። ማንን በድለሽ ነው?»

«በዳይ አይደለሁም። ተበዳይ ነኝ።»

«ታዲያ ድንጋዩን ለምን አንቺ ተሸከምሽው?»

ውድነሽ ተናደደች። ሄደች።

ጨው የጫነ ነጋዴ አገኛት። አህዮቹን ከመንገድ አወጣላት።

«ማንን በድለው ነው እናቴ?»

«ሰው በደለኝ እንጂ እኔ ማንንም አልበደልኩ።»

ነጋዴው ሳቀ። «የእኔ አህዮች እንኳ የሌላ ነጋዴ ጨው አይሸከሙም።»

ውድነሽ ይበልጥ ተናደደች። ሄደች።

ሸለቆውን ስትወጣ ድስት በጨርቅ የያዘች ሴት አገኘቻት። ከሰው ምድጃ ወጥ ሠርታ የምትመለስ ናት። ሴትዮዋ ድስቱን መሬት አስቀምጣ እጅ ነሣች።

«እግዚአብሔር ያስታርቅዎ። ማንን በድለው ነው?» አለችና ድንጋዩን አየችው። ጥላሸቱን በጣቷ ነካች። «ይሄ ጉልቻዬ ነው» አለች።

የቢተው ሚስት ነበረች። ውድነሽ ልትጮህባት አፏን ከፈተች። ግን አንገቷ ጎብጧልና የሚታያት ድስቱ ብቻ ነው። ወጡ በርዶ ቅባቱ ረግቷል። ልጆቿ ቤት ሆነው ይጠብቁታል። ልጆቹ ማር አልሰረቁም።

መንገዷን ቀጠለች፤ ሴትዮዋም ድስቷን አንሥታ ተከተለቻት።

ቢተው ደጁ ላይ ነበር። ድንጋይ የተሸከመ ሰው ሲያይ ተነሣ። ማን እንደሆነች ሲያውቅ ተንበረከከ።

«ተነሥ» አለችው። «ተነሥና ስማኝ። ባሌ የተከለውን አቃጠልክ። ንቦቼን ፈጀህ። የቤተ ክርስቲያኑን መብራት አጠፋህ። ይህ ሁሉ ይሁን። በዚያ እሑድ ሳልህን ከሩቅ ስሰማ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? ‹ምስኪን፣ ሳሉ ብሶበታል፣ ቤት ስደርስ ማር ልላክለት› አልኩ። የሰረቅኸው ልሰጥህ የነበረውን ነው። ያንገበገበኝ ይኸ ነው። ሰማህ?»

«ሰማሁ» አለ ቢተው። እንባው መሬቱን አረጠበው።

«ዛሬም ተቆጥቻለሁ። ነገም እቆጣ ይሆናል። ይህን ድንጋይ ግን ከእንግዲህ አልሸከምም። ይቅር ለእግዚአብሔር።»

ጉልቻውን ፊቱ ላይ አልጣለችውም። ቢተው ቤት ገባች፤ ሁለቱ ጉልቻዎች አጠገብ ባዶው ቦታ አመድ ሞልቶታል። አመዱን በእጇ ጠረገችና ሦስተኛውን ቦታው ላይ አስቀመጠች። የቢተው ሚስት እሳት ለኮሰች፤ ድስቱን ጣደች።

ውድነሽ ወደ ደጅ ስትወጣ አንገቷ ቀጭ አለ። ቀና አለች። ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ መጀመሪያ ያየችው የቢተው ቤት ጭስ ሲወጣ ነው።

ካሣውን ግን አልማረችውም፤ ደግ አደረገች። ቢተው ዋንዛ ተከለ። በዚያ በሬ በሚጥል ትከሻው ከሸለቆው ውኃ እየተሸከመ ዛፉ ጥላ እስኪኖረው አጠጣ። ቀፎም ሠራ። አደይ ሲፈነዳ ውድነሽ ቀና ብላ መንጋውን ተከተለች፤ ያዘችው። ከመጀመሪያው ማር አንድ ቅል ለቢተው ሳል ላከች። ከመጀመሪያው ሰፈፍ ጧፍ ተሠራ። በዚያ ጧፍ ብርሃን አባታችን ሆይን አንድም ሳትዘል እስከ መጨረሻው ደገመችው።

እንግዲህ ልጆች፣ ቢተው እየሳለ ሊሰርቅ ወጣ፤ ተያዘ። ውድነሽ እየዘለለች ልትጸልይ ቆመች፤ ጎበጠች። አባቶቻችን ሁለቱንም ባንድ ቃል ቋጥረውታል፦

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት።

እኔ ተረቴን አወረድኩ። እናንተም የተሸከማችሁት ካለ አውርዱና ወደ ቤታችሁ ግቡ።