መስመሩን የሚያቋርጠው ማን ነው?

በአንድ የመዝገብ መሥሪያ ቤት ኢንተርኔቱ በየጊዜው እየተቋረጠ፣ ባለጉዳዩ «ሲስተም የለም» እየተባለ ይመለስ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሰንደቁ ደግሞ ስብሰባ ይወዳሉ። ቢሮው ስለሚሞቃቸው የሚሰበሰቡት አየር ማቀዝቀዣ ባለው የሰርቨር ክፍል ነው። ችግሩን የሚያጠና ኮሚቴ አቋቁመው ሰብሳቢ ሆኑ። ኮሚቴው ወር ሙሉ እዚያው ተሰበሰበ፤ መቋረጡ ግን ባሰበት።

በመጨረሻ ሠራተኛውን ሁሉ ጠርተው የጥገና ባለሙያዋን ፊት ለፊት አቆሟት።

«ስሚ! ሰበብ ሰልችቶናል። መስመሩን የሚያቋርጠውን ሰው ዛሬውኑ አሳውቂን። ወሬ አልፈልግም፤ ፊርማ ያለበት የጽሑፍ ማስረጃ ነው የምፈልገው። ካላቀረብሽ ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ፤ ከነገ ጀምሮ ሥራ እንዳትገቢ።»

«እሺ ጌታዬ» አለች ወረቀት እያወጣች። «ሰርቨሩ መስመር የጠፋበትን ሰዓት ሁሉ ይመዘግባል። ማክሰኞ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ጠፍቷል፤ ሐሙስም እንደዚሁ። ያን ጊዜ አንድ ሰው የኢንተርኔቱን ሶኬት ነቅሎ፣ ለአምስት አድማጭ የሚናገርበትን ማይክሮፎን ይሰካበታል።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ።

«ማን ነው እሱ? ፊርማው የታለ?» ብለው ጮኹ አቶ ሰንደቁ።

«እኔ ስም ብጠራ ስም አጥፊ እባላለሁ። የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ ያስመጡልኝ። ስብሰባው የተከፈተበትና የተዘጋበት ሰዓት ከዚህ ወረቀት ጋር በደቂቃ አይለያይም። ከየገጹ ሥር ደግሞ እርስዎ በእጅዎ ፈርመዋል።»