የአርብ ገንዳ

አንድ ባና ሠሪ በደጋ አገር ነበር። ወንድይፍራው ይባላል። መጀመሪያ ሚስቱ የበግ ጠጉር ትፈትላለች፣ እሱ ይሸምናል። ድርጅቱ በሙሉ ይኸው ነው፣ ባልና ሚስት! ባናው፣ ያ የጠጉር ብርድ ልብስ፣ ሲወደድለት ጎረቤቶቹ ከየቤታቸው ክር እየፈተሉ ያመጡለት ጀመር። ቆየት ብሎ ሰፊ ቤት ሠራና ሃያ ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ሰበሰበ። ሲያረጅ ሥራውን ለልጁ ለአስካለ አስረክቦ፣ ከግድግዳው ሥር ፀሐይ መሞቅ ያዘ።

አስካለ ጎበዝ ናት፤ ይህን የካደ ይጠየቅበታል። ጠጉር ነዳፊውን፣ ፈታዩንና ሸማኔውን በየክፍላቸው ለየች። ለየክፍሉም አለቃ ሾመች። በሳምንት አሥር ይወጣ የነበረው ባና ሃያ ሆነ። አባቷም "እሰይ የኔ ልጅ!" አላት።

አንድ ነገር ብቻ አልዋጥላት አለ። አርብ አርብ ሃያውም ሰው ሥራውን ትቶ፣ የተሸመነውን ባና በትልቅ ገንዳ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፎ፣ እየዘፈነ በባዶ እግሩ ይረግጠዋል። ባና ካልተረገጠ አይጠብቅም፤ ይህን ታውቃለች። ግን ለዚህ ሃያ ሰው ምን ያደርጋል? ለሁለት ጎረምሶች ሰጠችው።

"አስኩዬ፣ አርቡን ባትነኪው" አላት አባቷ።

"አባዬ ደግሞ! ዘፈን ብርድ አይከላከልም" አለች እየሳቀች።

ሦስት ወር ሳይሞላ ባናዋን የሚገዛት ነጋዴ አርባ ባና በአህዮች ጭኖ መለሰላት። አንዱን ሲዘረጋው መሃሉ ተተርትሯል። "ክረምት ሳይገባ ደህናውን ካላመጣሽ ሌላ ሠሪ እፈልጋለሁ" ብሏት ሄደ። እሱ ከቀረ ደግሞ የሃያ ቤት ምድጃ መቀዝቀዙ ነው።

አስካለ አለቆቹን ሰበሰበች። የነዳፊዎቹ አለቃ በፈታዮች፣ የፈታዮቹ በሸማኔዎች አሳበበ። በመጨረሻ ጣት ሁሉ ወደ እማማ ጥሩወርቅ ዞረ። እማማ ጥሩወርቅ ቤቱ ሲቆም ጀምሮ የፈተሉ፣ እሷንም በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉ ሴት ናቸው።

"ዓይናቸው ደክሟል፤ ይሰናበቱ" አሉ አለቆቹ።

አስካለ ያዘሏትን ሴት ልታሰናብት? እንዴት ብላ ትንገራቸው? ወደ አባቷ ሄዳ አጠገቡ ቁጭ አለች።

"አባዬ፣ ምን ላድርግ?"

"ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?"

"አርብ።"

"እንግዲያው ጫማሽን አውልቂ።"

ሃያውም ሰው ተጠርቶ የሳምንቱ ባና በተዘፈዘፈበት ገንዳ ውስጥ ገባ። አስካለም የእማማ ጥሩወርቅን ክንድ ይዛ ገባች። ዘፈኑ ገና ሳይሞቅ አሮጊቷ ቀጥ አሉ።

"እዚህ ጋ ክሩ ሳስቷል። የኔ ነው፤ ዓይኔ ባያየው እግሬ አወቀው። ይቅር በሉኝ ልጆቼ።"

ዘርጋው የሚባለው ሸማኔ አንገቱን ደፋ። "እኔ ስሸምነው አይቼዋለሁ። ክሩ በአለቃ እጅ ነው የሚመጣልኝ፤ የማን እንደሆነ አላውቅም። የኔ ሥራ መሸመን ነው ብዬ ዝም አልኩ።"

"ጠጉሩም እኮ በደንብ አልተነደፈም" አለ አንዱ ነዳፊ ከወዲያ። "በሳምንት ሃያ ባና ለማድረስ ስንጣደፍ..."

"እማማ፣ ታዲያ ዓይንዎ መድከሙን ለምን ሳይነግሩኝ ቀሩ?" አለች አስካለ፣ እንባዋ እየመጣ።

"የት አግኝቼሽ ልጄ? አርብ ነበር የምንገናኘው።"

አስካለ እዚያው ውሃው ውስጥ እንደቆመች አቀፈቻቸው።

ክፍሎቹም አለቆቹም እንዳሉ ቀሩ፤ አርብም ተመለሰ። እማማ ጥሩወርቅ እንዝርታቸውን አስቀምጠው በሸማኔዎቹ በር ተቀመጡ። የተፈተለው ክር ሁሉ በጣታቸው ሳይዳሰስ አያልፍም። በዚያ ክረምት አንድም ባና አልተመለሰም።

ወዳጆቼ፣ ሥራ ሲያድግ መከፋፈሉ አይቀርም፤ ደግም ነው። ሥራውን ስንከፋፍል ግን ሰዎቹን አብረን እንዳንለያያቸው። ጥፋቱን የሚያውቀው ሰው ብዙውን ጊዜ እዚሁ አጠገባችን አለ፤ የሚናገርበትን ቦታ ያሳጣነው እኛው ነን። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ በእናንተስ ቤት አርብ አለ?