የትርንጎ ዶሮዎችና ግዙፉ ወበቅ

«ተረት ተረት።»

«የመሰረት።»

በድሮ ጊዜ፣ ዶሮም ጉርጥም እንደ ሰው በሚያወሩበት ዘመን፣ በአንድ ቆላ አገር ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ትርንጎ ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም ነበር። ባል የላትም። ከብት የላትም። ያሏት በጓሮዋ የሚጭሩ ዶሮዎች ብቻ ነበሩ። አንዷ ቀይ፣ አንዷ ነጭ፣ አንዷ ገብስማ። አውራው ደግሞ ጥቁር ነበር። ፀሐይ የምትወጣው እሱ ስለሚጮህ እንደሆነ ላገኘው ሁሉ ይናገራል።

ከዕለታት አንድ ቀን ወበቅ የሚባል ግዙፍ ፍጡር ከበረሃ መጣ። መጥቶም ከመንደሩ ፊት ለፊት ባለው ኮረብታ ላይ ተቀመጠ። ሆዱ ውስጥ ፍም ይነድዳል። ሲተነፍስ ሣሩ ይደርቃል። ሲያዛጋ ምንጩ ይነጥፋል። ሲያስነጥስ የየቤቱ ቅቤ ሁሉ በየቅሉ ውስጥ ቀልጦ ይንጣለላል።

ይህ ወበቅ ከምግብ ሁሉ ዶሮ ይወዳል። ነገር ግን ሰነፍ ነው፤ ሮጦ አይይዝም። ከተቀመጠበት ሳይነሳ ወደ አንዱ ግቢ እፍ ይላል። ዶሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። ክንፋቸውን ከጎናቸው ይዘረጋሉ። ከዚያ ድፍት ይላሉ። እሱም ያንን ረጅም እጁን ሰድዶ እንደ ጥሬ ይለቅማቸዋል። እንቁላሉም በተጣለበት ተቀቅሎ ይጠብቀዋል።

እንዲህ እያለ የመንደሩን ዶሮ ሁሉ ጨረሰ። የትርንጎ ዶሮዎች ብቻ ቀሩ።

የመንደሩ ጭቃ ሹም ደምሌ ይባላል። ላቡን እየጠረገ ወደ ትርንጎ ቤት መጣ።

«ትርንጎ፣ ዶሮዎችሽን ስጪውና ይሂድልን» አላት።

«ሲጨርስ ይሄዳል ያለዎት ማነው?» አለች ትርንጎ። «ዶሮ ሲያልቅ ፍየል ያምረዋል። ፍየል ሲያልቅ ደግሞ ወፈር ያለ ሰው ያምረዋል።»

ጭቃ ሹሙ ቦርጩን በኩታው ሸፈነ። «እንዳሻሽ አድርጊ» ብሎ በጓሮ በኩል ሄደ።

ትርንጎ ወደ ኮረብታው ወጣች። ወበቅን ቀና ብላ አየችው። ጉልበቱ እንኳ ከቤቷ ጣሪያ ይበልጥ ነበር።

«ጌታው፣ ውል እንግባ» አለችው። «ዶሮዎቼ ላይ ሦስት ጊዜ እፍ ይበሉ። አንዲት እንኳ ከወደቀች ሁሉንም ይውሰዱ። አንዷም ካልወደቀች ግን አገራችንን ለቀው ይሂዱ።»

ወበቅ ሳቀ። «ሁለተኛውን የቻለ ዶሮ አይቼ አላውቅም። ተስማምቻለሁ። ከነገ ጀምሮ በቀን አንድ ጊዜ እፍ እላለሁ» አለ።

ትርንጎ ተመልሳ ለዶሮዎቿ ነገረቻቸው። ገብስማዋ ተቆጣች።

«ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይላሉ። እኛን ሳታማክሪ በእኛ ነፍስ ትዋዋያለሽ?» አለች።

ያ የትርንጎ ረጅም ምላስ ደረቀ። ውኃ ልትጠጣ ወደ ማድጋዋ ሄደች፤ ስትቀዳ ግን ቸኩላ ውኃውን አፈሰሰችው። ከማድጋው ስር ካለው እርጥብ መሬት አንዲት ጉርጥ ብቅ አለች።

«እሜቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት።

ትርንጎ ሁሉንም ነገረቻት።

«ስለ ሙቀት ከሆነ እኔን መጠየቅ ነበረብሽ» አለች ጉርጧ። «የእኔ ሥራ ተቀምጦ መቀዝቀዝ ነው። እናቴም በዚሁ ሥራ ነው ያረጀችው። አንቺ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ በመጥረጊያ አባረሽኝ አታውቂም። እረዳሻለሁ።»

ይህን ብላ አንድ የቅል ፍሬ ከአፏ እንትፍ አለች። ትርንጎ ፍሬውን ከቆጡ አጠገብ ቀበረችው። ወዲያው በቀለ። ሐረጉ ቆጡ ላይ ተጠመጠመ። ቅጠሉ እንደ ሰፌድ ሰፋ።

በማግስቱ ወበቅ እፍ አለ። የቅሉ ቅጠል ተንጣጣ። ዶሮዎቹ ግን ከጥላው ስር ሆነው አዩት። አንዷም አልወደቀችም።

«ይቺው ናት?» አለ አውራው ዶሮ።

ትርንጎ ቶሎ ብላ አፉን ያዘችው።

አሁን ግን ቅጠሉ ሁሉ ረግፏል። ትርንጎ ወደ ጉርጧ ሄደች።

«ጥላ ብቻውን አይበቃም» አለች ጉርጧ። «ዶሮ ምስኪን ናት፤ ላብ የላትም። እግሯ ሲቀዘቅዝና አፏ ሲርስ ነው ነፍስ የምትዘራው።» ከዚያ ወደ ማድጋው ዘልላ ገባችና ተፋችበት። ማድጋው ሞላ። ቢቀዱት ቢቀዱት አልጎድል አለ።

ትርንጎ ውኃውን እየቀዳች ጓሮውን ጭቃ አደረገችው። ለየዶሮዋም ቀዝቃዛ ውኃ በቅል አቀረበች።

«ነጭ ዶሮ ጭቃ ውስጥ ቆማ ታውቃለች?» አለች ነጯ።

«ተቀቅላስ ታውቃለች?» አለቻት ትርንጎ።

ነጯ ጭቃው ውስጥ ገባች።

በማግስቱ ወበቅ ሁለተኛውን እፍ አለ። የመንደሩ መሬት ተሰነጣጠቀ። የትርንጎ ጭቃ እንፋሎት አወጣ። ዶሮዎቹ አንዴ ይጠጣሉ፣ አንዴ እግራቸውን ያነሳሉ። በመሐል ቀይዋ ዶሮ ተንገዳገደች። ጉልበቷ ታጠፈ።

«ወደቀች» አለ ወበቅ።

«አልወደቀችም፤ ተቀመጠች» አለች ትርንጎ። «እንቁላል ልትጥል ነው።» እንዲህ እያለች በእጇ ውኃ አፍሳ የቀይዋን እግር አራሰችላት።

ቀይዋ ዶሮ ዓይኗን ጨፈነች። እንደምንም አማጠችና አንድ እንቁላል ጣለች። ከዚያ ተነስታ ቆመች። ወበቅ ጥርሱን አፋጨ።

ያን ጊዜ ግን ማድጋው ከሁለት ተሰነጠቀ። ውኃው አለቀ።

«የነበረኝ አንድ ፍሬና አንድ ምራቅ ነው» አለች ጉርጧ። «እንግዲህ የቀረው ያንቺ ምላስ ነው።»

ትርንጎ አሰበች። አንድ ነገር ትዝ አላት። ወበቅ እፍ ከማለቱ በፊት አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ሲስብ ጀርባዋን ብርድ ብርድ ይላት ነበር። ከመንደሩ ጀርባ ደመና የማይለየው የደጋ ተራራ ነበረ። ብርዱ ከዚያ የሚመጣ ነው።

በማግስቱ ወበቅ ለመጨረሻው ተዘጋጀ። ትርንጎ እጅ ነሳች።

«ጌታው፣ መሸነፌ ነው» አለች። «ግን በትንሽ ትንፋሽ ተሸነፈች ብለው ሰዎች እንዲስቁብኝ አልፈልግም። እባክዎ፣ ትልቁን ይሳቡ።»

ወበቅ ደስ አለው። ሳበ። ደረቱ ተነፋ። ከተራራው ቀዝቃዛ ነፋስ እየነፈሰ መጣ። የዶሮዎቹ ላባ ተርገበገበ።

«ይኼ ነው ትልቁ?» አለች ትርንጎ። «አውራ ዶሮዬም ሊጮህ ሲል ይህን ያህል ይስባል።»

አውራው ዶሮ ኮራ ብሎ ደረቱን ነፋ። ወበቅ ተናደደ። አፉ ስለሞላ መናገር አልቻለም። የሳበው ላይ ጨምሮ ሳበ። አሁን የተራራው ደመና ተጎትቶ መጣ።

«እሱስ ደህና ነው» አለች ትርንጎ። «ግን ከበረሃው ማዶ ያለው ግዙፍ ከዚህ ይበልጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። ውሸት ይሆን?»

የወበቅ ዓይን ፈጠጠ። ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበ። ደመናው ከነበረዶው ተግተልትሎ አፉ ውስጥ ገባ።

ጢሽሽሽ አለ ሆዱ። ፍሙ ጠፋ። በጆሮው፣ በአፍንጫው፣ በየት በየቱ ጭስ ወጣ። ወበቅም ማነስ ጀመረ። መጀመሪያ ዝሆን አከለ። ቀጥሎ አህያ አከለ። በመጨረሻ ጫጩት አክሎ ከኮረብታው እየተንከባለለ ወርዶ ትርንጎ ጓሮ ደረሰ። ዝናቡም መጣ።

«ም-ም-ምንድን ነው ይሄ የሚያንቀጠቅጠኝ?» አለ ወበቅ።

«ብርድ ይባላል» አለች ትርንጎ።

ቀይዋ ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋ ነበር። ወበቅ ሮጦ ክንፏ ስር ገባ። አውራው ዶሮ ሊነክሰው ተንደረደረ።

«ተወው» አለች ቀይዋ። «አታየውም ብርድ ሲመታው?»

ጭቃ ሹሙ ዝናብ ሲሰማ ዱላ ይዞ መጣ። «የት አለ? ልጨርሰው» አለ።

«ቀስ ይበሉ፣ ተኝቷል» አለች ትርንጎ። ከዚያ ወደ ዶሮዋ ጎንበስ አለች። «አንተ፣ ውላችን ትዝ ይልሃል?»

«ትንሽ ልሙቅና እሄዳለሁ» አለ ድምፁ ከላባ ውስጥ።

ዝናቡ ሲያባራ ወጣ። በቀጫጭን እግሮቹ ወደ በረሃው መንገድ ጀመረ። ቀይዋ ዶሮ አዘነችለት።

«ልጄ፣ ፀሐዩ እንዳይመታህ» ብላ ጮኸችለት። «ጥላ ጥላውን ሂድ።»

ትርንጎም ዶሮዎቿ የፈለፈሏቸውን ጫጩቶች ለየጎረቤቱ አደለች። መንደሩም ዳግመኛ የዶሮ ጩኸት ሰማ።

ስለዚህ ልጆች፣ በሙቀት ጊዜ ለዶሮዎቻችሁ ጥላና ቀዝቃዛ ውኃ አትንፈጉ። ትልቅ ነኝ ባይ ሲፎክርባችሁ ደግሞ አትጩኹበት፤ ጨምር በሉት። የራሱ ትንፋሽ ይጥለዋል።

ተረቴን በተራ መልሱ፣ ጉሮሮዬን በቀዝቃዛ ውኃ አርሱ።