ሄልሜት ያደረገ እንቁላል

አንድ ሞተረኛ ለአራስ ሚስቱ የገዛውን እንቁላል ሄልሜቱ ውስጥ በጭድ ደርድሮ፣ ሄልሜቱን ጭኑ መሃል አስቀምጦ፣ በባዶ ራሱ ሞተሩን እየነዳ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከደንቡ ይልቅ ራሳቸውን ማስከበር የሚወዱት የትራፊክ ፖሊሱ ኮማንደር ድንበሩ በፊሽካ አስቆሙት።

«ሄልሜት ለጭንቅላት ነው» አሉት፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው። «ወይ እንቁላሉን እዚሁ ዘርግፈህ ሄልሜቱን ታደርጋለህ፣ ወይ ሞተሩ ይታሰራል።»

«ጌታዬ፣ እኔ ሕጉ የወጣው ቢሰበር የሚፈስ ነገር ላለው መስሎኝ ነው» አለ ሞተረኛው። «የእኔ ቢሰበር የሚፈስ የለውም። ሚስቴም ቢሆን የምትጠብቀው እንቁላሉን ነው።»

ሰው ሳቀ። ኮማንደሩ ተቆጡ።

«አንጎል የለኝም እያልክ ነው?»

«ቢኖረኝማ ኮማንደር፣ እርስዎ በቆሙበት መንገድ እመጣ ነበር?»