ግማሽ ድንኳን

አንድ የእድር ድንኳን ጠባቂ ነበረ። በሰፈሩ ሰው በሞተ ቁጥር ድንኳኑን ያወጣል፣ ምሰሶውን ያቆማል፣ ካስማውን ይመታል፤ ሸራው ሲቀደድም የሚሰፋው እሱ ነው። ሀብታም ሞተ፣ ድኻ ሞተ፣ ለእሱ ያው አንድ ድንኳን ነው። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ስለኖረ ሰፈርተኛው ስሙን ትቶ «ጋሽ ድንኳን» ይለው ነበር።

ስልሳ ስምንት ዓመት ሲሞላው ደም ግፊት ያዘው። ሐኪሙ በየቀኑ አንድ ክኒን፣ ዕድሜ ልክህን፣ ብሎ አዘዘለት። የመድኃኒቱ ዋጋ ከዓመት ዓመት ጨመረ፤ የእሱ ገቢ ግን እዚያው ቆመ። በዚያ ሰሞን ጤና ጣቢያው ማስታወቂያ ለጠፈ፤ ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው ፎርም ከሞላ፣ በሐኪም ከታዘዘለት መድኃኒት ዋጋ አብዛኛውን መንግሥት ይሸፍንለታል። ሚስቱ ፎርሙን አመጣችለት።

«እጄን ዘርግቼ አላውቅም» አለ። «በስተርጅና ልልመድ?»

ፎርሙን ሳጥን ውስጥ ከተተና የራሱን ዘዴ አበጀ። የሸራ ክር በሚቆርጥበት ምላጭ ክኒኑን ለሁለት እየከፈለ፣ ግማሹን ዛሬ ግማሹን ነገ ይውጥ ጀመር። የአንድ ወሩ መድኃኒት ሁለት ወር በቃው፤ በብልሃቱም ኮራ። ራሱን ሲያዞረው ከፀሐይ ነው አለ። ጆሮው ሲጮህ ከእርጅና ነው አለ። አንድ ቀን ግን ለለቅሶ ድንኳን ሲተክል ምሰሶውን እንደያዘ ተንገዳግዶ ወደቀ፤ ሰዎች ደግፈው ቤቱ አደረሱት። ሚስቱ ከዚያ ወዲያ ዝም ማለት አልቻለችም። የምላጩን ነገር ለእድሩ ዳኛ ለእትዬ ጥሩወርቅ ነገረቻት።

እትዬ ጥሩወርቅ ይህን ሰው በምክር እንደማትመልሰው ታውቃለች። በማግስቱ ጧት ጋሽ ድንኳን የካስማ ድምፅ ሰምቶ ከቤቱ ወጣ። ደጁ ላይ አራት የእድሩ አባላት ድንኳን ይተክላሉ። ክው አለ። ወዲያው ዞር ብሎ ሚስቱን ፈለገ፤ በሩ ላይ ቆማለች።

«ማን ሞተ?»

«አንተ» አለችው እትዬ ጥሩወርቅ።

«ምን ዓይነት ሟርት ነው? ይኸው ቆሜያለሁ!»

«ግማሽህ ቆሟል። በግማሽ መድኃኒት የሚኖር ሰው ግማሹ ሄዷል ብለን ግማሽ ድንኳን ተከልንልህ። የቀረው ግማሽህ ሲሄድ እንሞላልሃለን።»

እውነትም ድንኳኑ የቆመው በቀኝ በኩል ብቻ ነው። በግራ ምሰሶ የለውም፤ ሸራው መሬት ላይ ተዘርግቷል። ጋሽ ድንኳን ይህን ሲያይ ሟርቱን ረሳው።

«ማነው እንዲህ የተከለው? በአንድ ወገን ሲወጠር ስፌቱ ይተረተራል! ግማሽ ድንኳን ማንን ያስጠልላል? ወይ ጨርሱት፣ ወይ አንሡት!»

የተናገረውን ከሁሉ በኋላ የሰማው ራሱ ነበር።

«ልመና ነው ብዬ እኮ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሠላሳ ዓመት ስትተክል፣ ከሥሩ የተቀመጠውን ሐዘንተኛ ለማኝ ብለኸው ታውቃለህ?» አለችው እትዬ ጥሩወርቅ።

«ኧረ ምን በወጣው! ተራው ደርሶበት እንጂ።»

«እንግዲያው ያንተም ተራ ደረሰ።»

ይህን ሲነጋገሩ አንዲት ጎረቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እያለቀሰች ደረሰች። ሟቹን ቆሞ ስታየው መጀመሪያ ደነገጠች፤ ቀጥሎ ተናደደች። «ሁለተኛ ስትሞት አልመጣም!» አለችው። የሳቀው ሰው ብዛቱ! ጋሽ ድንኳን ራሱ ሳቀና ቤት ገብቶ ፎርሙን ይዞ ወጣ። «ቶሎ ንቀሉልኝ፤ ሌላም አልቃሽ ሳይመጣ» አለ።

ሙሉ ክኒን መዋጥ በጀመረ በሁለተኛው ወር ሲለካ ግፊቱ ሐኪሙ ወደፈለገው ልክ ወርዶ ነበር። ሚስቱ ምላጩን ከክኒኑ አጠገብ አንሥታ ወደ ስፌት ዕቃው መለሰችው። እሱም ምሰሶ ማቆሙን ቀጠለ።

ይህን ታሪክ የተናገሩት የጤና ጣቢያው አዛውንት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ጠያቂያቸው ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ የተሰጠውን ፎርም ለአራት አጥፎ ኪሱ ከከተተ በኋላ፣ «ይህን ብሞላ ከለማኝ በምን እለያለሁ?» ብሏቸው ነበር። አዛውንቱ ወደ እሱ ዞሩ።

«ወንድሜ፣ አንተም እንደዚያ ሰው ነህ። አርባ ዓመት ስትሠራ የከፈልከው ግብር ለሌሎች መጠለያ ነበር፤ ያኔ ካስማውን የምትመታው አንተ ነበርክ። ዛሬ ከሥሩ ተቀመጥ ስትባል እንግዳ ሰው አልሆንክም። አሁን ያንን ፎርም ከኪስህ አውጣው። ድንኳን ታጥፎ እስከተቀመጠ ድረስ ማንንም አያስጠልልም።»