የደብሪቱ ገል

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ይህ የሆነው እኔ ሳልወለድ፣ አያቴም ሳትወለድ፣ የተደገፍኩት ይህ ዋርካ ገና ለጋ ሳለ ነው። ያኔ ከታች ከሜዳው ላይ ሰንበሌጥ ሜዳ የሚባል መንደር ነበረ። መንደሩ በቀይ ገደል ተራራ ግርጌ ተቀምጦ ነበር። አፈሩ ጥቁርና ለም ነበር፣ ምንጩም ቅርብ ነበር። እዚያ ጎጆ ለመቀለስ ሰው ይሻማ ነበር።

ከመንደሩ ራቅ ብሎ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ደብሪቱ የምትባል ሸክላ ሠሪ ትኖር ነበር። ርቃ የኖረችው ወዳ አይደለም። በዚያ ዘመን ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት ይባል ነበር። ጋኗን ይገዛሉ፣ በድስቷ ወጥ ይሠራሉ፣ እሷ ስታልፍ ግን ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። ስናገረው ያሳፍረኛል። ግን የሆነውን ነው የምነግራችሁ።

ደብሪቱ አንጓች የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻት። አንጓች ውብ ነበረችና ቢያድግልኝ የሚባል የመንደሩ ገበሬ፣ ሰው ሁሉ እያማው፣ አገባት። ቤቱን ከሁሉም በላይ፣ ከገደሉ አስጠግቶ ሠራ። እናቱ እማማ ብርቄም አብረዋቸው ይኖሩ ነበር። እማማ ብርቄ ዓይናቸው አያይም፣ እግራቸውም ከደጃፍ አያልፍም። ዓመት ሳይሞላ ፈንታነሽ የምትባል ሕፃን ተወለደች። ደብሪቱ በዚህ ዓለም ያላት ልጇና የልጅ ልጇ ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም ከገደሉ ሥር ነበሩ።

አንድ የበጋ ቀን ደብሪቱ ለሸክላ የሚሆን አፈር ፍለጋ ከሜዳው ጫፍ ላይ መቆፈር ጀመረች። ሸክላ ሠሪ ዝም ብላ አትቆፍርም። አፈሩን ታሸተዋለች፣ በጥርሷ ትሞክረዋለች፣ በጣቶቿ መሃል ታሸዋለች። ደብሪቱን ይህን ያስተማረቻት አያቷ ነበረች። አያቷ አንድ ጊዜ ከወንዙ አለት ውስጥ ዛጎል የመሰለ ድንጋይ ፈልቅቃ ሰጥታት ነበር። "እዚህ ባሕር ነበረ፤ ባሕሩ ሄደ፣ ዛጎሉ ድንጋይ ሆኖ ቀረ" ብላታለች። ደብሪቱ ያንን ድንጋይ በመቀነቷ ቋጥራ ትዞር ነበር።

መጀመሪያ ጥቁር አፈር ወጣ፤ አንድ ክንድ። ከሥሩ ድንጋይና ጭቃ ተደባልቆ ወጣ። ድንጋዩ ስለት ነበረው። የወንዝ ድንጋይ ቢሆን ውኃ እያንከባለለ ያለሰልሰው ነበር። ይህ ግን ወንዝ ያልነካው፣ ከላይ የወረደ የቀይ ገደል ድንጋይ ነበር። ከሥሩ ደግሞ ጥቁር አፈር ወጣ፤ አንድ ክንድ። ከሥሩ ደግሞ ስለታም ድንጋይ ወጣ። ጉድጓዱ ቁመቷን ዋጠ። ከሥሩ ደግሞ ጥቁር አፈር ወጣ። በዚያ በመጨረሻው አፈር ውስጥ ከሰል አገኘች፣ የወፍጮ መጅ አገኘች፣ የጋን ገል አገኘች። በገሉ ከንፈር ላይ የሠሪዋ አውራ ጣት ታትሞ ቀርቷል። ደብሪቱ የራሷን አውራ ጣት አስገባችበት። ልክክ አለ። ገሉንም ከዛጎሉ ጋር በመቀነቷ ቋጠረችው።

ከጉድጓዱ ወጥታ ወደ ፈረሰው የእናቷ ቤት ሄደች። ቤቱ ከፈረሰ አርባ ዓመት ሆኖት ነበር። በጉልቻው ላይ የተኛውን አፈር ለካችው። አንድ ጣት ነበር። አርባ ዓመት አንድ ጣት ካመጣ አንድ ክንድ የስንት አያት ዕድሜ ነው? ደብሪቱ ቆጥራ አልዘለቀችውም። አንድ ነገር ግን ገባት። ተራራው ሁለት ጊዜ ወርዷል። በሁለቱ ናዳ መሃል አንድ ክንድ አፈር ተኝቷል። ከላይ ያለውም አፈር አሁን አንድ ክንድ ሞልቷል። ነገ ይሁን ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ያንን አፈሩ አይናገርም። የደብሪቱ ልብ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አላረፈም።

ወደ መንደሩ ጭቃ ሹም ወደ ወንድይራድ ሄደች። ጭቃ ሹሙ ክፉ ሰው አልነበሩም። ከአጥሩ ውጭ ቆማ የምትለውን ሁሉ ሰሟት።

"መቼ ነው የሚወርደው?" አሏት።

"አላውቅም ጌታዬ።"

"ዘንድሮ ነው?"

"አላውቅም።"

"ታዲያ ሰዉን ምን ልበለው? መቼ እንደሚመጣ ለማይታወቅ ነገር ቤትህን አፍርስ ልበለው?"

ደብሪቱ ዛጎሉን ከመቀነቷ ፈታችና አሳየቻቸው። ባሕር እንኳ ነበረ፣ ባሕር እንኳ ሄደ አለቻቸው። በዙሪያው የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እዚህ ተራራ ላይ ባሕር! ሳቁ ቀኑን ሙሉ ከቤት ቤት ሲዞር ዋለ።

ያልሳቁት እማማ ብርቄ ብቻ ነበሩ። ደብሪቱ ቤታቸው ሄዳ ስትነግራቸው ገሉን ተቀብለው በጣታቸው ዳበሱት። ያንን የአውራ ጣት ምልክት ሲያገኙ ጣታቸው ቆመ።

"ሴት ናት የሠራችው" አሉ። "የት ሄዱ እነዚህ ሰዎች?"

"እዚያው ናቸው እትዬ። አልሄዱም።"

እማማ ብርቄ ጣታቸውን እንደገና በምልክቱ ላይ አሳለፉ። ከዚያ ገሉን መለሱላትና "አምንሻለሁ" አሉ። አንድ ዓይነ ስውር አሮጊት ቢያምናት ለመንደሩ ምን ይጠቅማል? ደብሪቱ ግን እንባዋ መጣ።

ቀጥሎ ደብሪቱ ተራራውን ወጣች። ከአናቱ አጠገብ፣ ሣር ውስጥ ተደብቆ፣ እንደ ተሰነጠቀ ጋን መሬቱ አፉን ከፍቶ አገኘችው። ስንጥቁ እጇን ያስገባ ነበር። ከመንደሩ በላይ ያለውን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ቆርጦታል። የቆየ ይሁን አዲስ፣ የቆመ ይሁን የሚሄድ፣ በዓይን አይለይም። ደብሪቱ ጭቃ አቡክታ ከስንጥቁ ማዶና ማዶ እንደ መቀነት አድርጋ ለጠፈችው። ጭቃው ከተበጠሰ ተራራው ሄዷል ማለት ነው ብላ ወረደች።

ወሩ ግንቦት ነበር። በሦስተኛው ቀን ስትመለስ ጭቃው ተበጥሶ አገኘችው። እንዴት እንደወረደች አታውቅም። "ናዳ! ናዳ!" እያለች መንደሩን አቋርጣ ሮጠች። ድምፅዋ ያስፈራ ስለነበር ሰው ሳያመዛዝን ተነሣ። ከብቱንና ልጁን ይዞ ወደዚህ ኮረብታ ወጣ። አንድ ቀን ጠበቁ። ሁለት ቀን ጠበቁ። ሦስት ቀን ጠበቁ። ቀይ ገደል ንቅንቅ አላለም። ሰው በሌለበት ዝንጀሮ ወርዶ የተዘራውን ማሽላ ሁሉ ጭሮ በላው።

ደብሪቱ ተመልሳ ጭቃውን አየችው። የተበጠሰው አንድ ቦታ አልነበረም። መላ አካሉ ላይ ጸጉር በሚያህል ቀጭን መስመር ተሰነጣጥቆ ነበር። ፀሐይ ነው ያደረቀው። ጭቃ ሲደርቅ እንደሚኮማተር ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? ዕድሜ ልኳን ሸክላ ጥላ ሥር ስታደርቅ የኖረች ሴት! ፍርሃቱ ሙያዋን አስረስቷት ነበር። እዚያው ተቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ከዚያ በኋላ መንደሩ በሯን ዘጋባት። ጋኗን የሚገዛ ጠፋ። ቢያድግልኝ ደጄን እንዳትረግጪ አላት። አንጓችም ከምንጩ መንገድ ላይ ጠብቃ፣ ሕፃኗን እንዳዘለች፣ "እማዬ፣ በናትሽ አትምጪብን፤ እኔንም ሊያባርሩኝ ነው" ብላ አለቀሰች። ደብሪቱ የሕፃኗን እግር ብቻ ነካ አድርጋ ሄደች። ልቧ ግን አላረፈም።

በዚህ ጊዜ ደብሪቱ በጭቃ አልታመነችም። ረዣዥምና ስስ ገል ሠራች፤ በእሳትም አበሰለችው። በእሳት የበሰለ ገል ፀሐይ አያኮማትረውም፣ ዝናብም አያሟሟውም። ሦስት ገል በስንጥቁ ላይ አጋደመች። የእያንዳንዱን ጫፍ ከሁለቱም ወገን አለቱ ውስጥ አስገብታ በጠጠር ወተፈችው። ከዚያ በየቀኑ እየወጣች ታያቸው ጀመር። ሰኔ ገባ፤ ገሉ ደህና ነበር። ሐምሌ ገባ፤ ገሉ ደህና ነበር። ነሐሴ ሰማዩ ተቀደደ፤ ገሉ ደህና ነበር። ገሉ ካልተሰበረ ዕድሜዋን ሁሉ ውሸታም እንደተባለች ትኖራለች። ከተሰበረ ደግሞ ልጇ ከታች ናት። ደብሪቱ በየቀኑ ዳገቱን ስትወጣ "አምላኬ፣ ውሸታም አድርገኝ" እያለች ትጸልይ ነበር።

ዝናቡ አባራ። መስከረም ጠባ። ሜዳው በአደይ ቢጫ ሆነ። ሰውም ክረምቱ በሰላም አለፈ ብሎ ጤፉን ሊያርም ወጣ። ያን ቀን ረፋድ ላይ ደብሪቱ ስትደርስ አንደኛው ገል ለሁለት ተከፍሎ፣ መሃሉ አንድ ጣት ተራርቆ አገኘችው። ሁለተኛውም ተከፍሎ ነበር። ሦስተኛው ዓይኗ እያየ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

ወረደች። "ናዳ!" አለች። አራሚዎቹ ቀና ብለው አዩዋትና "መጣች ደግሞ!" አሉ። "ገሉ ተሰበረ! በአምላክ ስሙኝ!" አለች። አንዱ ድንጋይ አንሥቶ ወረወረባት። አንጓችን ብትፈልጋት ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች። ደብሪቱ የተከለከለችውን ደጃፍ ረግጣ ገባች። እማማ ብርቄ ሕፃኗን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ተቀምጠው ነበር።

"እትዬ፣ ገሉ ተሰበረ።"

"እንደ ያኔው ፀሐይ ሰንጥቆት እንዳይሆን?"

"አይደለም። በእሳት የበሰለ ነው። ሦስቱም ተከፍለዋል። ኑ፣ ልዘልዎት።"

እማማ ብርቄ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔን አዝለሽ፣ ልጅ ታቅፈሽ ዳገት አትወጪም። ብትወጪስ? ልጄ ከታች ነው፣ ልጅሽ ከታች ናት፣ መንደሩ ሁሉ ከታች ነው። ናዳ ብለሻቸው አልሰሙሽም። እነሱ የሚሰሙትን እኔ አውቀዋለሁ።" ሕፃኗን ሳሟትና አቀበሏት። "ወደ ዋርካው ሩጪ ደብሬ። ዞረሽ እንዳታዪ። የምለውንም በልብሽ አታኑሪው።"

ደብሪቱ ሕፃኗን አቅፋ ወጣች። አጥሩን ሳታልፍ ከኋላዋ የእማማ ብርቄ ድምፅ ተነሣ።

"ኡኡ! የሰው ያለህ! ቡዳዋ ልጄን ወሰደችብኝ! ወደ ዋርካው ወሰደችብኝ!"

ያንን ቃል እኒያ አሮጊት በዕድሜያቸው አንድ ቀን አፋቸው አስገብተውት አያውቁም ነበር። ያን ቀን ግን መላልሰው ጮኹት። መንደሩም ሰማ። አራሚው ከማሳው ተነሣ። ሴቷ ከየቤቱ ወጣች። አንጓች እንስራዋን ወርውራ ሮጠች። ቢያድግልኝ ዱላ ይዞ ሮጠ። ጭቃ ሹሙም ሽማግሌዎቹም ወጡ። የቡዳ ነገር ሲሰማ ቤቱ የሚቀር ሰው አልነበረም፤ ለማዳንም ይሁን ለማየት ሁሉም ወጣ። ደብሪቱ ፊት ፊት፣ መንደሩ ከኋላ። ወንዙን ተሻገሩ፣ ኮረብታውን ወጡ። የእማማ ብርቄ ጩኸት ከታች አልተቋረጠም።

እዚህ፣ እኔ የተቀመጥኩበት ላይ ደረሱባት። ደብሪቱ በሕፃኗ ላይ ተደፋች። ቢያድግልኝ ዱላውን አነሣ። ጩኸቱ አሁንም ከታች ይሰማ ነበር። ከዚያ ተራራው አጉረመረመ። ዱላው በአየር ላይ እንዳለ ቀረ። ቀይ ገደል ከአናቱ ተገምሶ ወረደ፤ አቧራውም ሰማዩን ሸፈነ። አቧራው ሲገፈፍ ሰንበሌጥ ሜዳ አልነበረም፤ ጩኸቱም አልነበረም።

"እናቴ!" አለ ቢያድግልኝ። እናቱ ለምን እንደጮኹ ያን ጊዜ ገባው። ዱላውን ጥሎ የደብሪቱ እግር ላይ ወደቀ። ሁለቱም አለቀሱ። ደብሪቱ እስክትሞት ድረስ እንዲህ ትል ነበር፤ "ያመኑኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ከታች የቀሩትም እሳቸው ብቻ ናቸው።"

መንደሩ እዚህ ኮረብታ ላይ ተሠራ። ያ ክፉ ቃል ከእማማ ብርቄ አፍ ከወጣ ወዲህ፣ ይህን ታሪክ ስንናገር ካልሆነ በቀር፣ በዚህ መንደር ተነግሮ አያውቅም። ጎጆ የሚቀልስ ሰውም አስቀድሞ ቁመቱን ያህል ቆፍሮ አፈሩን ያያል። በየዓመቱ ግንቦት ሲያልቅ ሸክላ ሠሪዎቻችን ገል ያበስላሉ፤ ተራራ ወጥተውም ስንጥቅ ባለበት ሁሉ ያጋድሙታል። የደብሪቱ ገል ይባላል። የዚያን ዕለት አንዲት አሮጊት ከታች ሆና "ኡኡ!" ብላ ትጮኻለች፤ እኛም ሮጠን እንወጣለን። ባዶ እጁን የሚወጣ ግን የለም። ዓይነ ስውሩን፣ ሽባውንና ሽማግሌውን አስቀድመን በጀርባና በቃሬዛ እናወጣለን። የጮኸችውንም እንኳ አዝለን ነው የምናመጣት።

ሁሉም ሲወጣ ደግሞ ዝም እንላለን። ሕፃን እንኳ ጡት ይሰጠውና ዝም ይላል። እናንተ ልጆች በዚያ ሰዓት ስታወሩ በቁጣ የማያችሁ ለዚህ ነው። ከታች የቀረ ሰው ድምፅ እንዳለ እያዳመጥን ነው።